የላብራቶሪ ሶሉሽን ኦስሞቲክ ስሌት፦ የትኛው ሶፍትዌር ለማን ይሆናል?

በአንድ ኪሎ ውሃ 200 ግራም ፔግ 6000 (ፖሊኢቲሊን ግላይኮል፣ ድርቅን ለማስመሰል ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዱቄት) አሟማችሁ እንበል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቀለል ያለ ካልኩሌተር የሶሉሽኑ ኦስሞቲክ ፖቴንሻል (የተሟማው ነገር ውሃውን ምን ያህል እንደሚይዘው የሚያሳይ ቁጥር፤ ይበልጥ ኔጋቲቭ ሲሆን ተክሉ ውሃ መሳብ ይከብደዋል) −0.08 ሜጋፓስካል ነው ይላችኋል። ለፔግ ተብሎ በወጣው ቀመር የተሠራ የኤክሴል ፋይል ደግሞ −0.49 ይላል። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ነው። ሁለቱም መደመርና ማባዛቱን አልሳቱም። የተነሱበት ቀመር ነው የሚለያየው።

ጉዳቱ የሚወርደው ችግኙ ላይ ነው። የቡና ችግኝ ድርቅ ምን ያህል እንደሚችል ለመፈተን −0.5 ሜጋፓስካል የፈለገ ተማሪ በመጀመሪያው ካልኩሌተር ቢመራ፣ ለአንድ ኪሎ ውሃ ከ1.2 ኪሎ በላይ ፔግ ጨምር ይባላል። በትክክለኛው ቀመር የሚያስፈልገው 202 ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ጅማ ውስጥ ይህ ስሌት የማይነካው ላብራቶሪ ጥቂት ነው። በዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሆነ መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል አካባቢ ወሬው ቡና፣ ዘርና ቲሹ ካልቸር (ተክልን ከትንሽ ቁራጭ በብልቃጥ ማብዛት) ነው። በሕክምናው በኩል የቀይ ደም ሴል ጥንካሬ ምርመራ አለ። ፋርማሲዎች የዓይን ጠብታ ከእንባ ጋር እንዲመጣጠን ያሰላሉ። ሁሉም "ኦስሞቲክ" ይላሉ፤ የሚያሟሙት ነገር ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ አንድ ሶፍትዌር ለሁሉም አይሆንም። "የትኛው ይሻላል?" ከማለት በፊት "እኔ የማሟሟው ምንድን ነው?" ማለት ይቀድማል።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

ከሁሉ በላይ የምመለከተው ቀመሩን ነው። አብዛኞቹ ካልኩሌተሮች የሚሠሩት በቫንት ሆፍ ቀመር ነው፦ የቅንጣቶቹ ብዛት፣ ክምችቱና ሙቀቱ ይባዛሉ፣ አለቀ። ይህ ለቀጭን ሶሉሽን ያስኬዳል። ክምችቱ ሲጨምር ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስና ከውሃው ጋር ስለሚሳሳቡ ኦስሞቲክ ኮኤፊሸንት የሚባል ማረሚያ ያስፈልጋል። ሁላችንም የምናውቀውን የ0.9 ፐርሰንት ሳላይን ውሰዱ። በሊትር 9 ግራም የገበታ ጨው ማለት 154 ሚሊሞል ነው። ጨው ውሃ ውስጥ እያንዳንዱ ወደ ሁለት ቅንጣት ስለሚለያይ 308 ሚሊኦስሞል (የተሟሙ ቅንጣቶች መለኪያ) ይመጣል፤ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ነው። ኦስሞሜትር (ይህንኑ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ) ውስጥ ስታስገቡት ግን 286 አካባቢ ያነባል፣ ምክንያቱም ኮኤፊሸንቱ 0.93 ገደማ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም። ሶፍትዌሩ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን እንደሚሰጣችሁ ካልነገራችሁ ግን ችግር አለ።

ሁለተኛው የመለኪያ አሃድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። 1 ሞላር ሱክሮስ ማለት 342 ግራም ሱክሮስ አስገብቶ በውሃ እስከ አንድ ሊትር መሙላት ነው። 1 ሞላል ደግሞ ያንኑ 342 ግራም በአንድ ሙሉ ኪሎ ውሃ ማሟሟት ነው። በመጀመሪያው ሊትር ውስጥ ያለው ውሃ 785 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሶሉሽን በሞላል ሲለካ 1.27 አካባቢ ይሆናል። ፔግ ላይ ደግሞ ይብሳል። 200 ግራም ፔግ በአንድ ኪሎ ውሃ −0.49 ሜጋፓስካል ይሰጣል አልን። ያንኑ 200 ግራም ሲሊንደር ውስጥ ከታችሁ እስከ አንድ ሊትር ብትሞሉት፣ ውሃው ስለሚያንስ ወደ −0.68 ይወርዳል። ሚዛኑ ያው፣ ዱቄቱ ያው፣ ውጤቱ ሌላ። ስለዚህ "ግራም በሊትር" እና "ግራም በኪሎ ውሃ" ብሎ የማይለይ ፕሮግራም ለፔግ አይሆንም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ብዙ ፕሮግራም ሳይጠይቅ 25 ዲግሪን ይወስዳል። የጅማ ጠዋት ግን ቀዝቀዝ ይላል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብልቃጥ 20 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም። ለጨውና ለስኳር ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ፔግ ግን ሙቀትን አጥብቆ ይከተላል። −0.5 ሜጋፓስካል ለማግኘት በ25 ዲግሪ 202 ግራም ካስፈለገ በ20 ዲግሪ 193 ግራም ይበቃል። አቅጣጫውንም ልብ በሉ። ጨው ሲሞቅ ፖቴንሻሉ ይበልጥ ኔጋቲቭ ይሆናል፣ ፔግ ግን ሲሞቅ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

አንዳንዶች ከፍታስ ብለው ይጠይቃሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለኦስሞቲክ ስሌት ግን ይህ የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ከፍታው የሚነካው ማፍላቱን ነው። ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሚዲያ (ማሳደጊያ ሶሉሽን) ክዳን በሌለው ዕቃ ስታፈሉ የሚተነው ውሃ ክምችቱን ይለውጠዋል፣ ይህን ደግሞ ማንም ሶፍትዌር አያውቅላችሁም። ከማፍላት በፊትና በኋላ መመዘን ነው መፍትሔው።

የቀሩት መስፈርቶች አጠር ያሉ ናቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? ከሚፈለገው ፖቴንሻል ተነስቶ ግራሙን ወደ ኋላ ያሰላል? ካልሲየም ክሎራይዱ ውሃ ያዘለ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል? (ሁለት ውሃ ያዘለው ሞለኪውላዊ ክብደቱ 147፣ ደረቁ 111 ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ማስላት ክምችቱን በሲሶ ገደማ ያዛባል።) አማካሪው ወይም ገምጋሚው ስሌቱን ከፍቶ ሊያየው ይችላል? ዋጋውስ?

ኤክሴል ወይም ሊብሬኦፊስ ካልክ

ለአብዛኛው የጅማ ላብራቶሪ ከዚህ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ቀመሩ ዓይናችሁ ፊት ነው፤ የተደበቀ ነገር የለም። ኢንተርኔት አይፈልግም። ኤክሴል ፈቃድ ከሌላችሁ ሊብሬኦፊስ በነጻ ይገኛል፣ ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም።

ለፔግ 6000 የሚያስፈልገው የሚሼልና ካውፍማን የ1973 ቀመር ነው። "ግ" የፔግ ግራም በኪሎ ውሃ፣ "ሙ" ሙቀት በሴንቲግሬድ ይሁን፦

ፖቴንሻል በባር = −0.0118 × ግ − 0.000118 × ግ² + 0.000267 × ግ × ሙ + 0.000000839 × ግ² × ሙ

ውጤቱን ለ10 ስታካፍሉ ሜጋፓስካል ታገኛላችሁ። አንድ ሴል ለግራም፣ አንድ ለሙቀት፣ አንድ ለውጤት። ከፖቴንሻል ወደ ግራም ለመመለስ ጎል ሲክ የሚባለውን መሣሪያ ተጠቀሙ፤ ኤክሴልም ካልክም አላቸው። ውጤቱ ያለበትን ሴል −5 ባር እንዲሆን ታዙታላችሁ፣ ግራሙን ራሱ ፈልጎ ያመጣል።

ድክመቱ የሚጀምረው ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው። ከሲኒየር የተወረሰ ፋይል በፍላሽ ይመጣል፣ መሃል ላይ አንድ ሰው ሳያስበው ሴል ነክቶ ዜሮ ይጨምራል፣ ሌላው ያንኑ ይዞ ሙከራውን ይሠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀመር ያለባቸውን ሴሎች ቆልፉ። ከላይ የቀመሩን ምንጭና ዓመት ጻፉ። ከታች ደግሞ አንድ የመፈተኛ መስመር አስቀምጡ፦ 200 ግራም፣ 25 ዲግሪ፣ −4.9 ባር። ይህ መስመር ከተለወጠ ፋይሉ ተነክቷል ማለት ነው።

የጠርሙሱንም ጽሑፍ አንብቡ። ፔግ 6000 እና ፔግ 8000 ስማቸው በቀድሞ ዘመን ይምታታ ነበር፤ በፊት 6000 ይባል የነበረ ምርት በኋላ 8000 ተብሏል። ሚሼል በ1983 ለፔግ 8000 የራሱን ቀመር አውጥቷል፣ እዚያ ላይ ክምችቱ የሚገባው በግራም በአንድ ግራም ውሃ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ሌላ ስህተት ይወልዳል።

ለዘርና ለችግኝ ሙከራ የተሠራው የድሮ ፕሮግራም

በዘር ማብቀል ጥናቶች ውስጥ ኤስ.ፒ.ኤም.ኤም. የሚል ስም ታያላችሁ። ሚሼልና ራድክሊፍ በ1995 አግሮኖሚ ጆርናል ላይ ያቀረቡት፣ ለአምስት ሶሉቶች (የሚሟሙ ነገሮች) የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ትልቁ ጥቅሙ ለዚህ ሥራ ተብሎ መሠራቱ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ያሰላል፤ ከክምችት ወደ ፖቴንሻል፣ ከፖቴንሻል ወደ ክምችት። ጥናታችሁ በእሱ ከተሠራ ቀደም ያለ ሥራ ጋር የሚወዳደር ከሆነ ያንኑ መጠቀም ያዋጣል።

ችግሩ ዕድሜው ነው። የዶስ ዘመን ፕሮግራሞች ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ስለማይከፈቱ ዶስቦክስ የመሰለ አስመሳይ ያስፈልጋል። አምስቱ ውስጥ የሌለ ነገር ካሟማችሁም አያግዛችሁም። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው እሱን በመፈለግ ቀን ከሚያጠፋ ኤክሴሉን ቢሠራ ይሻለዋል።

ፍሪክሲ

የጨው ድብልቅ የምታሰሉ ከሆነ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በነጻ የሚያወጣው ፍሪክሲ (ፒ.ኤች.አር.ኢ.ኢ.ኪው.ሲ.) ተወዳዳሪ የለውም። ዋና ሥራው የከርሰ ምድር ውሃ ኬሚስትሪ ነው። ግን ፒትዘር የሚባለውን ዳታቤዝ ስትመርጡለት የጨዎቹን መሳሳብ በደንብ ይይዛል፣ ኦስሞቲክ ኮኤፊሸንቱንም ያትማል። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ክሎራይድና ሰልፌት ተደባልቀው ላሉበት ሶሉሽን፣ ለምሳሌ ለጨዋማ አፈር ሙከራ፣ ከእጅ ስሌት በብዙ ይሻላል። ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ዳታቤዙን ሳትመርጡ ዝም ብላችሁ ብታስሉ በሌላ ቀመር ይሠራላችኋል። ሁለተኛ፣ የውሃ አክቲቪቲን (የሶሉሽኑ የውሃ እንፋሎት ግፊት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር) በሦስት አሃዝ ብቻ ነው የሚያትመው። ለ0.9 ፐርሰንት ሳላይን 0.995 ይላል። ከዚህች ቁጥር ተነስታችሁ ፖቴንሻል ብታሰሉ፣ በማጠጋጋቱ ብቻ ከ−0.62 እስከ −0.76 ሜጋፓስካል የትም ልትወድቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከታተመው ኮኤፊሸንት ተነሱ፣ ወይም አክቲቪቲውን በብዙ አሃዝ እንዲያወጣ እዘዙት።

ሱክሮስ፣ ማኒቶልና ፔግ ከሱ ጋር ከሚመጡት ዳታቤዞች ውስጥ የሉም። ለቲሹ ካልቸር ሰው እንግዲህ ግማሽ መፍትሔ ነው። አሠራሩም በጽሑፍ ትእዛዝ ስለሆነ ለለመደ እንጂ ለጀማሪ አይቀልም።

አር ወይም ፓይተን

የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች አር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለስታቲስቲክስ አስቀድመው ጭነውታል። ላፕቶፑ ላይ እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። የፔግ ቀመሩ በአንድ መስመር ይጻፋል፣ ወደ ኋላ ማስላቱ ደግሞ ዝግጁ ፋንክሽን አለው። ስድስት የፖቴንሻል ደረጃ በአራት የሙቀት መጠን የሚፈልግ ሰው ሃያ አራቱንም ግራም በአንድ ጊዜ ያወጣል። ስክሪፕቱን ከቴሲሱ ጋር ማያያዝ ይቻላል፣ ስለዚህ ለገምጋሚ ጥያቄ መልሱ በእጅ ነው። ኮድ የማይወድ ሰው ግን ለአንድ ሶሉሽን ብሎ አይጀምረው።

የኢንተርኔት ካልኩሌተሮች፣ የስልክ አፖችና ቻትቦቶች

ለፈጣን ማመሳከሪያ እሺ፣ ለሙከራ ግን አላምናቸውም። ብዙዎቹ ቀመራቸውን አይናገሩም። "ኦስሞላሊቲ ካልኩሌተር" ብላችሁ ስትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የደም ሴረም ማስያ ነው፤ ሶዲየምን በሁለት አባዝቶ፣ ግሉኮስን ለ18፣ ዩሪያ ናይትሮጅንን ለ2.8 አካፍሎ ይደምራል። ለሐኪም ትክክለኛ መሣሪያ ነው፤ በፍላስክ ላለ ሶሉሽን ግን አልተሠራም። ቻትቦትን ስሌት ከመጠየቅ ቀመሩን እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ በኤክሴል ራሳችሁ ፈትሹት። ለፔግ ቫንት ሆፍን ካቀረበላችሁ መልሱን ጣሉት።

በፈቃድ የሚሸጡ ፕሮግራሞች

ለኬሚካል ኢንዱስትሪ የተሠሩ ጠንካራ ፕሮግራሞች አሉ። ለማስተማሪያና ለምርምር ላብራቶሪ ግን ክፍያው በዶላር፣ እድሳቱ በየዓመቱ ነው። ያን ያህል በጀት ካለ እኔ የምመክረው ኦስሞሜትር መግዛት ነው። ፔግ ለምትለኩ፣ በበረዶ ነጥብ የሚሠራው ለወፍራም ሶሉሽን ስለማይመች በእንፋሎት ግፊት ወይም በጤዛ ነጥብ የሚለካውን ምረጡ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ዋጋ | ያለ ኢንተርኔት | በደንብ የሚይዘው | የሚያቅተው |
|---|---|---|---|---|
| ኤክሴል / ካልክ | ካልክ ነጻ | ይሠራል | ፔግ፣ አንድ ጨው፣ ስኳር | የብዙ ጨው ድብልቅ |
| ኤስ.ፒ.ኤም.ኤም. | ማግኘቱ ነው ፈተናው | ይሠራል | የዘርና የችግኝ ሙከራ | ከአምስቱ ውጭ ያለ ሶሉት፣ አዲስ ዊንዶውስ |
| ፍሪክሲ | ነጻ | ይሠራል | የጨው ድብልቅ | ስኳር፣ ማኒቶል፣ ፔግ |
| አር / ፓይተን | ነጻ | ይሠራል | ብዙ ትሪትመንት በአንዴ | ኮድ ለማያውቅ |
| የኢንተርኔት ካልኩሌተር | ብዙው ነጻ | አይሠራም | ቀጭን ሶሉሽን | ፔግ፣ ወፍራም ሶሉሽን |
| በፈቃድ የሚሸጥ | በዶላር፣ ውድ | እንደ ፈቃዱ | ኢንዱስትሪ | በጀት |

የትኛውንም ከማመናችሁ በፊት

በሦስት የታወቁ ሶሉሽኖች ፈትኑት። የመጀመሪያው ከላይ ያየነው ሳላይን ነው፤ 308 ካለ ማረሚያ የለውም፣ 286 አካባቢ ካለ አለው። ሁለተኛው ኦ.አር.ኤስ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 ጀምሮ የሚመክሩት ዓይነት በሊትር 2.6 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ውሃ ያዘለ ሶዲየም ሲትሬትና 13.5 ግራም ግሉኮስ አለው። ያለ ማረሚያ ሲሰላ 245 ሚሊኦስሞል አካባቢ መምጣት አለበት። በጣም ካነሰ፣ ሲትሬቱ ለአራት ቅንጣት እንደሚከፈል ፕሮግራሙ አያውቅም። ሦስተኛው የ200 ግራሙ ፔግ ነው።

ለማን የቱ?

ዘር ወይም ችግኝ በፔግ የምትፈትኑ ኤክሴል ይበቃችኋል። የሙቀት ደረጃው ከበዛ ወደ አር እለፉ። ፔግና ጨው አንድ ላይ ካደረጋችሁ ግን የሁለቱን ፖቴንሻል ዝም ብላችሁ አትደምሩ፤ ድብልቁ ከድምሩ ይለያል፣ መለካት አለበት።

ቲሹ ካልቸር የምትሠሩ፣ ለጨዎቹ ፍሪክሲን፣ ለሱክሮስ ኤክሴልን አጣምሩ። በሊትር 30 ግራም ሱክሮስ ብቻውን በ25 ዲግሪ −0.22 ሜጋፓስካል ገደማ ያመጣል። አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ግን ከሱክሮሱ ከፊሉ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰበራል፤ አንድ የነበረው ቅንጣት ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱ ከአውቶክሌቭ በፊት ያለውን ሚዲያ ነው የሚነግራችሁ። ከተቻለ ከወጣ በኋላ አንድ ናሙና አስለኩ።

ለደም ምርመራና ለፋርማሲ ዝግጅት ኤክሴል ከኮኤፊሸንት ጋር ይበቃል፤ ለበሽተኛ የሚደርስ ነገር ከሆነ ግን በኦስሞሜትር ሳይረጋገጥ አይውጣ። ኮምፒውተር የሌለው የዲግሪ ተማሪ የካልክን ፋይል በስልክ ከፍቶ መሥራት ይችላል፣ የቆለፈውን ፋይል ከጓደኞቹ ጋር ይጋራ።

የመረጣችሁት ምንም ይሁን፣ የአሠራር ምዕራፉ ላይ "በሶፍትዌር ተሰላ" ብላችሁ አትለፉ። የሶሉቱን ዓይነትና ሞለኪውላዊ ክብደት፣ ግራሙ በኪሎ ውሃ ይሁን በሊትር፣ ሙቀቱን፣ የቀመሩን ባለቤትና ዓመት፣ የፕሮግራሙንም ቨርዥን ጻፉ።